«ፕሉ ፎር!»፦ ጮክ ብዬ ያነበብኩት መጽሐፍ

ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ስንሄድ እናቴን የሚያኮራት አንድ ነገር ነበር። «ይቺ ልጅሽ እንዴት ጨዋ ናት! መኖሯም አይታወቅ» ይሏታል። እናቴ ደስ ይላታል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። መኖሬ አለመታወቁ ሙያ መስሎኝ አደግኩ።

ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ሆኖ ማደግ ቀላል አይደለም። የድሬ ሰው ድምፁ ትልቅ ነው። ሰላምታው ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ይጀምራል። ትልቅ ትንሹን «አንተ»፣ «አንቺ» ይላል፤ ንቀት አይደለም፣ መቅረብ ነው። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ «አቦ ተወኝ!» ተባብለው እዚያው ይስቃሉ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል የእኔ ድምፅ ብቻ ከጉሮሮ አያልፍም። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ቤቴን አልፌ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩባቸውን ቀኖች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ያውም በግንቦት ፀሐይ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለሆኑ ሰዎች ነው። አፋቸው ላይ የደረሰውን ቃል መልሰው ለሚውጡ፣ ማታ አልጋቸው ላይ «እንዲህ ብለው ኖሮ» እያሉ ለሚገላበጡ። እኔን ያገዘኝ አንድ ልቦለድ ነው። ያገዘኝ መንገድ ግን የጠበቅኩት ዓይነት አልነበረም፤ ለዚህ ነው ዘርዘር አድርጌ የማወራችሁ።

ሥራዬ ስቶር ኪፐር ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ የመንግሥት ነው፣ ድሬ ውስጥ ነው፣ በቃ። ዕቃ ሲገባ ቆጥሬ እረከባለሁ፣ ሲወጣ ቆጥሬ አስረክባለሁ። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁለት ቁጥሮችን በሕልሙም ያያል፤ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22። 19 የገቢ ነው፣ 22 የወጪ። ሞዴል 19 ላይ «ተረካቢ» በሚለው ቦታ ከፈረምኩ ዕቃው እኔ ጋ አለ ማለት ነው። ባይኖርም አለ።

ይህን በደንብ የተማርኩት በሁለት የመኪና ባትሪ ነው። የግዥ ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ መጣና «ሁለቱ ነገ ይመጣሉ፣ አሁን ግን ሙሉውን ፈርሚልኝ፣ ነጋዴው እየጨቀጨቀኝ ነው» አለኝ። ፈረምኩ። እምቢ ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ነገ አልመጡም፣ ከነገ ወዲያም አልመጡም። የግዥ ሠራተኛው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሰኔ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ሁለት ባትሪ ጎደለ። ከደሞዜ እየተቆረጠ አራት ወር ከፈልኩ። በአራቱም ወር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ «ደሞዝሽን ምን በላው?» ስትለኝ «ዕቁብ ገብቼ ነው» አልኳት።

ጋሼን በደንብ ያወቅኩት በዚያው ሰሞን ነው።

ጋሼ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ከእኛ በር ትይዩ ያለችው ክፍል ተከራይ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ድሬን ራሷን የወለዳት ሐዲዱ አይደል፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የምንላት ሰፈርም ባልኖረች። የጋሼ ትውልድ የምድር ባቡር ሰዎች ደግሞ ሥራቸው በፈረንሳይኛ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ሲናደዱም ሲደሰቱም ፈረንሳይኛው ያመልጣቸዋል። ጋሼ ዓይኑን ሞራ ጋርዶበት ነበር። ቀዶ ሕክምና ወረፋ እየጠበቀ ነው። ሰው በቅርጹ ይለያል፣ ፊደል ግን አያይም።

አንድ ማታ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ የብረት ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተለበጠ ወፍራም መጽሐፍ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ትንሽ አንብቢልኝ። ዓይኔ እስኪመለስ።»

እምቢ ማለት አልችልም ነበር። ስለዚህ እሺ አልኩ። ድፍረቴ የጀመረው ከፍርሃቴ ነው ማለት ይቻላል።

መጽሐፉ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የጋሼ ቅጂ ከዚያ በኋላ ከወጡት ነው፣ ጠርዙ ተበልቶ ቅጠሎቹ ተገንጥለዋል። ታሪኩን ተማሪ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ ማን አለ። አንብቤው ግን አላውቅም። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ክብደቱን ሳየው ጋሼ እስኪሞት የማነብ መሰለኝ። እሱ በዚህ ሲስቅ ነበር፤ በኋላ ነግሬው።

የመጀመሪያውን ማታ ጀመርኩ። ሁለት መስመር ሳልሄድ የያዘውን ከዘራ ከወንበሩ እግር ጋር ኳ! አደረገው።

«ፕሉ ፎር!»

ደነገጥኩ። «ምን አልክ ጋሼ?»

«ጮክ በይ ነው ያልኩሽ። ለራስሽ ነው ለእኔ የምታነቢው?»

ጆሮው ደህና ነው። ይህን ደጋግሜ አረጋግጫለሁ። የግቢው በር ሲንኳኳ ከሁላችን በፊት የሚሰማው እሱ ነው። የእኔ ድምፅ ግን በእውነት አይሰማም ነበር። የማነበው ወደ ውስጥ ነበር፤ ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ይመለሳል። በሚቀጥለው መስመር ኳ! «ፕሉ ፎር!» በሚቀጥለውም። በሦስተኛው ገጽ ላይ አላበኝ። ድሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እኔ መጽሐፍ የማልወድ ሰው አልነበርኩም። በጣም እወዳለሁ። ግን ድምፅ ሳያሰሙ ማንበብ ለእኔ መደበቂያ ነበር። ቤት ውስጥ ሰው ሲበዛ መጽሐፍ ይዤ ጥግ እይዛለሁ፤ «እያነበበች ነው፣ ተዋት» ይባላል። ስንት ደፋር ገጸ ባሕርይ አንብቤ፣ አድንቄ፣ አልቅሼ፣ መጽሐፉን አጥፌ በማግስቱ ያው ራሴን ሆኜ ሥራ ገብቻለሁ። ደፋር ሰው ማድነቅና መድፈር ለየቅል ናቸው። መጽሐፍ አንብቤ ድፍረት አገኘሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «እኔስ ምነው?» እል ነበር። የጎደለው ነገር ከጋሼ ከዘራ ጋር መጣ።

ሰዓታችን ከመግሪብ አዛን በኋላ ሆነ። ቀኑን ሙሉ የጋለው ግቢ ላይ ውኃ ይረጫል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ጋሼ ሻይ በሄል ያፈላል። አንድ ሁለት ምዕራፍ ስንል መብራት ይሄዳል፣ የእጅ ባትሪ ይበራል፣ እንቀጥላለን። መብራት የሄደ ዕለት ቤት ውስጥ የሚቀር ሰው የለም፤ ቬንትሌተር ከቆመ ክፍሉ ምጣድ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ይሰማል። አንደኛው የደረሰብኝ መዓት ይህ ነበር።

ከአጥሩ ሥር ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤታችን አለች። አማርኛውን ከኦሮምኛ እየደባለቀች ነው የምታወራው፣ ልክ እንደ ግማሹ ከተማ። በሦስተኛው ማታ ምጣዷን አዙራ ፊቷን ወደ እኛ አደረገች። በአምስተኛው ማታ «ቆይ፣ ቆይ፣ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ላውርደው» ብላ አስቆመችኝ። ጠዋት ሥራ ስወጣ ደግሞ በር ላይ ትይዘኛለች። «ያቺ ልጅ ምን ሆነች? አባቷ ዛሬም አልዳራትም?» ሰብለ ወንጌልን ማለቷ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለጠየቀ ሁሉ ዘሩ አይመጥነንም እያሉ ዕድሜዋ እንደሚያልፍ ስታስበው ትቃጠላለች። «እኔ ብሆን በመስኮት ወጥቼ እሄድ ነበር!» ትላለች። ባሏ ከውስጥ ይስቃል።

ጋሼ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረው። ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል። እሱንም ጓደኞቹንም ከሥራ ሲወጡ ወደ ሬዲዮ የሚያስሮጣቸው ያ ትረካ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ እኔ፣ «ወራጅ አለ» ማለት የማልችለው፣ ከወጋየሁ ንጋቱ ጋር ስወዳደር። «ወጋየሁ እዚህ ጋ እንዲህ አላለም» ይለኛል። «ወጋየሁ እዚህ ጋ ትንሽ ይቆያል።» አንድ ማታ ሰለቸኝና «እንግዲያው ወጋየሁን ጥራው!» አልኩት። ግቢው ጸጥ አለ። ከዚያ ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ። ለአንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቀስ በቀስ ድምፄ መንገድ አገኘ። የሰውየውን ስናገር ወፈር ይላል፣ የሴትየዋን ስናገር ሌላ ይሆናል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ እኔም እቆጣለሁ። እንዲህ ዓይነት ቁጣ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ ማንም አልተቀየመኝም፤ ፊታውራሪ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁማ።

ከዚያ ጉዱ ካሣ መጣ።

ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። ጉዱ ካሣ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው። ያየውን ይናገራል። የታላላቆቹን ትዕቢት፣ የቀሳውስቱን ስስት፣ የድሃውን መገፋት እንዳለ ያወጣዋል። ሰው ካሣን «ጉዱ ካሣ» ያለው ለዚህ ነው። እብድ ነው ይሉታል። ከሁሉም እኔን የያዘኝ ኅብረተሰቡን በድንጋይ ካብ የሚመስልበት ነው፤ ከታች ያሉት ድንጋዮች የላይኞቹን ተሸክመው እንደሚኖሩ የሚናገርበት። ያንን ክፍል ሁለት ጊዜ አስነበበኝ ጋሼ። በሁለተኛው ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ ነበር የማነበው። መቼ እንደተነሳሁ አላስታውስም።

ጋሼ «ይሄን የጻፈው ሰው ጣልያን ማርኮ ወስዶ ያሰረው ሰው ነው» አለኝ ስጨርስ። እውነቱን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጦርነቱ ተዋግተው፣ ተማርከው፣ ጣልያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። «ዝም ማለት ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ነው» ብሎ ሻዩን ጠጣ። ከዚህ የበለጠ ሊሰብከኝ አልሞከረም። ጋሼ ስብከት አይወድም።

እኔ ግን ጉዱ ካሣን እያነበብኩ ራሴን ያየሁት በእሱ አይደለም፤ በበዛብህ ነው። በዛብህ ስለት ነው። እናቱ ልጅ አልበረክት ቢላት፣ ይህ ቢያድግልኝ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ ብላ ተስላ፣ እሱ ሳይጠየቅ ሕይወቱ ተሰጠ። ካደገም በኋላ ያ ስለት አንገቱ ላይ ነው። ቅኔ ይቀኛል፣ ያፈቅራል፣ ግን ይፈራል። እኔም «መኖሯም አይታወቅ» የሚል ስለት የተሳለብኝ ይመስለኝ ጀመር። የተሳለችው እናቴ ነች ማለቴ አይደለም፤ እሷ ምን ታድርግ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፣ እኔም አመንኩ።

ሳምቡሳ ሻጯ በበዛብህ ትበሳጫለች። «ምነው ዝም ይላል?» አንድ ማታ ስለ ዝምታ ስናወራ ስለ ደቻቱ ጎርፍ አነሳች። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም.፤ ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት። ያኔ ቤቷ ከወንዙ ዳር ነበር። «እኔን ያዳነኝ የጎረቤት ጩኸት ነው» አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ሴትዮዋ ዓይነ አፋር ነበረች፣ ቀን ቀን ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ያን ሌሊት ግን ጮኸች። ሰፈሩን አስነሳችው።» ከዚያ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ማንም ምንም አላለም። እኔም ንባቡን አልቀጠልኩም ያን ማታ።

ሰኔ 28 ደረሰ።

የመንግሥት ሥራ የሠራ ሰው ሰኔ መጨረሻን ያውቀዋል። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የተኛ ግዥ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይነቃል። አዲሱ የግዥ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ስቶር መጣ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው፣ አዲስ ጎማ ይሸታል። ጎማዎቹን አራት አራት አድርጌ ደርድሬያቸዋለሁ። አራት ድርድር። 16። ወረቀቱ የሚለው 24።

በፓዱ ፊቱን እያራገበ «ስምንቱ መንገድ ላይ ናቸው» አለኝ። «አዳማን አልፈዋል። 24 ብለሽ ፈርሚልኝና ፋይናንስ ላድርስ። ነገ ካልተከፈለ ገንዘቡ ሄደ።»

እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። ያ ነው እንግዲህ የእኔ ቦታ፤ እስክሪብቶ ሲሰጡኝ እቀበላለሁ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ትዝ ያለኝ ጉዱ ካሣ አይደለም፣ ባትሪውም አይደለም። ትዝ ያለኝ ኳ! የሚለው የከዘራ ድምፅ ነው።

«16 ናቸው» አልኩ።

«እሱንማ አወቅን። ስምንቱ…»

«16 ናቸው ያሉት። 16 ብዬ ነው የምፈርመው።»

ድምፄ ከደረቴ ነው የወጣው። የማታው ድምፄ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻን የሚናገረው። ግድግዳው ቆርቆሮ ስለሆነ መልሶ አስተጋባው። ሰውየው ማራገቡን አቆመ። እኔም ደነገጥኩ። እኔ እንደዚህ ድምፅ እንዳለኝ ያወቀ ከግቢያችን ሰው በቀር ማን ነበር?

ነገሩ እዚያ አላለቀም። አለቃችን ቢሮ ተጠራሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ነው። መጀመሪያ በልመና፣ ቀጥሎ «የመሥሪያ ቤቱን በጀት ልታስመልሺ ነው?» ብሎ በቁጣ መጣ። እኔ እሱን ሁሌም «እርስዎ» ነው የምለው፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ስለሆነ የድሬ «አንተ» አይጥመውም። ሦስተኛ ጊዜ «ፈርሚ!» ሲለኝ ግን ከአፌ ምን ወጣ መሰላችሁ?

«አልፈርምም አቦ!»

«አቦ» አልኩት። አለቃዬን። ከውጭ ጸሐፊዋ ስትስቅ ሰማሁ። እሱ ዝም አለ። ከዚያ ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ «በ16 ሥሩት» አለ።

ከቢሮው ወጥቼ ሽንት ቤት ገባሁና በር ቆልፌ አለቀስኩ። እጄ እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደፋር ሰው እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም ነበር። አሁን ግን ደፋር የሚባሉት ሁሉ የሆነ ቦታ በር ቆልፈው ሳያለቅሱ የቀሩ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውንም ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ባቆም ተረት ይሆናል። ስምንቱ ጎማዎች ሐምሌ ውስጥ መጡ። እውነትም መንገድ ላይ ነበሩ። የግዥ ሠራተኛው «አየሽ?» አለኝ። ምን እላለሁ? በሌላ ሞዴል 19 ስምንቱን ፈርሜ ተረከብኩ። ክፍያው ግን ወደ አዲሱ በጀት ዞሮ፣ ነጋዴው ቆይቶ ነው ገንዘቡን ያገኘው፤ ለዚህም በእኔ ተማረሩ። የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ከበፊቱ ወረደ፤ «የትብብር መንፈስ» በሚለው ላይ ነው የተነካሁት። ሁለት ወር ያህል ሻይ ክበብ ስገባ ወሬ ይቋረጥ ነበር። ሰዎቹ ሌቦች አልነበሩም። እኔም ጀግና አልነበርኩም። 16 ጎማ ነበር፣ 16 ብዬ ጻፍኩ።

መጽሐፉን ከዚያ ወዲህ ነው የጨረስነው። መጨረሻውን ለምታውቁት አልናገርም፣ ለማታውቁትም አልናገርም። ሰብለ ወንጌል ቤቷን ጥላ መንገድ ስትጀምር ሳምቡሳ ሻጯ «በይ! በይ!» እያለች ስታጨበጭብ ነበር ብቻ ልበል። በመጨረሻው ማታ ደግሞ ድምፄ ተሰበረ። ጋሼ ከዘራውን አላነሳም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ይህን ነገር ልትሞክሩት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከእኔ የምነግራችሁ ጥቂት ነው።

ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ዋናው ይኸው ነው። ጭቅጭቅና ንግግር የሚበዛበት ልቦለድ ምረጡ፤ መልክዓ ምድር ብቻ የሚተርክ ለዚህ አይሆንም። የሚቆጣ፣ የሚከራከር፣ እምቢ የሚል ሰው ያለበት ይሁን። ያ ሰው የሚለውን በራሳችሁ አፍ በሉት። ጆሯችሁ የራሳችሁን ድምፅ እንዲህ ሲናገር ይልመደው። እኔ ለ30 ዓመት ገደማ ራሴን እምቢ ስል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እንዴት ብዬ በአንድ ቀን ልናገር?

ሰሚ ፈልጉ። ብቻችሁን ክፍል ውስጥ ማንበብም ከምንም ይሻላል፣ ግን ሰሚ ካለ ሌላ ነው። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ። እመኑኝ፣ ደስ ይለዋል። ልጆችም ይሆናሉ፤ ልጅ ካልጣመው ተነስቶ ስለሚሄድ ጥሩ ፈታኝ ነው። ጊዜው ረጅም አይሁን፤ እኛ ከግማሽ ሰዓት የምናልፈው ታሪኩ ሲይዘን ብቻ ነበር። ስትሳሳቱ ወደ ኋላ አትመለሱ፣ ቀጥሉ። ጋሼ በስሕተቴ አንድም ቀን አልገሠጸኝም፣ ድምፄን ስደብቅ ብቻ ነበር የሚቆጣው።

አስቀድማችሁ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። እኔ «16 ናቸው» ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም። ከባትሪው በኋላ «ያለውን ነው የምፈርመው» የሚል ነገር ለራሴ እል ነበር፣ በልቤ። ችግር ሲመጣ ረጅም ንግግር አይገኝም። ምክንያት አትደርድሩ፤ ምክንያት ስትደረድሩ እያንዳንዱን እያነሱ ይከራከሯችኋል። ቁጥር ካለ ቁጥሩን በሉ።

ደግሞ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ከቢሮ ወጥቼ አልቅሼ ስጨርስ፣ የሆነውን በማስታወሻ ጽፌ በመዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥቼ ቀሪውን ፋይሌ ውስጥ አስቀመጥኩ። ይህን የመከረችኝ ለብዙ ዓመት በሥራው ላይ የቆየች ሴት ናት፤ «የተናገርሽው ይረሳል፣ የጻፍሽው ይቆማል» ብላ። እምቢ ማለት እንጀራ የሚያሳጣ ሁኔታ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ አላችሁ። ለእናንተ «ተናገሩ» ብዬ ከዚህ ተቀምጬ አልፈርድም። መጀመሪያ የምታምኑት ሰው አማክሩ። ፍርሃታችሁ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ልብ የሚያስመታ፣ ከቤት የማያስወጣ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ልቦለድ መድኃኒት አይደለም።

አሁንም ቢሆን ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ከማለቴ በፊት ትንሽ እዘጋጃለሁ። ሳቁብኝ። ግን ቤቴን አላልፍም።

ጋሼ ዓይኑን ተሠርቶ አሁን ያያል። መነጽር አድርጎ ራሱ ማንበብ ይችላል። እንዲያውም ጠዋት ጠዋት ከዚራ ጥላው ሥር ጋዜጣ ይዞ አየዋለሁ። ማታ ሲሆን ግን መነጽሩ «ይጠፋል»። ሌላ መጽሐፍ ጀምረናል። ሳምቡሳ ሻጯ ይህኛው ፍቅር የለበትም ብላ አኩርፋለች።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ያው የግዥ ሠራተኛ ስቶር መጣ። ማተሚያ ማሽን ውስጥ የሚገባ ቀለም ይዟል፣ በካርቶን። ፓዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ እስክሪብቶውን ግን አልዘረጋልኝም። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

«በይ፣ ቁጠሪ» አለኝ።

ቆጠርኩ። 12 ነበሩ። ፈረምኩ።